ጠራዡ የዘለላቸው ገጾች

የመዋኛው ዳርቻ መግቢያ ላይ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። አንዷ እኔ ትኬት የምቆርጥባት ናት። ሁለተኛዋ፣ ግድግዳ የምንጋራት፣ አንድ ባልና ሚስት ልብ ወለድ የሚያከራዩባት ናት። ስለ እኔ ክፍል የሚነገር ነገር የለም፤ ሰው ትኬቱን ይቀበላል፣ ያልፋል። ስለ ሁለተኛዋ ግን ብዙ ጊዜ ልጽፍ አስቤ፣ እንደሚገባው አልጽፈውም ብዬ ትቼዋለሁ። ዘንድሮ ባልና ሚስቱ ራሳቸው «ጻፈው፣ ምን ቸገረን» ስላሉኝ ጀመርኩት።

ሴትዮዋን የዳርቻው ሰው ሁሉ «ምረጪልኝ» ይላታል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚመጣ ሁሉ መደርደሪያውን ለአፍታ ያይና፣ ግራ ይገባውና፣ «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ምረጪልኝ» ስለሚላት ነው። በጊዜ ብዛት ስሟ ሆኖ ቀረ። ፖስታ እንኳን በዚህ ስም ይመጣላታል።

ስትመርጥ ዝም ብላ እጇ የገባውን አንስታ አትሰጥም። መጀመሪያ ትጠይቃለች። ስንት ቀን ትቆያለህ? ከማን ጋር መጣህ? ስታነብ ትጋደማለህ ወይስ ትቀመጣለህ? በጀርባው ተጋድሞ ለሚያነብ ሰው ወፍራም መጽሐፍ ከሰጡት፣ ክንዱ ይዝልና በሦስተኛው ቀን ፊቱን ሸፍኖበት ይተኛል። ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ምዕራፎቹ አጫጭር የሆኑ ይፈልጋል፤ በየአራት ገጹ አንዱ ልጅ «አባዬ እየኝ!» እያለ ይጮህበታል። ብቻዋን የመጣች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ካየች ደግሞ የፍቅር መጽሐፉን ወደ ጓዳ ታስገባና ሌባና ፖሊስ ታወጣላታለች። «ሌባው እስኪያዝ ድረስ ያኛውን አታስበውም» ትለኛለች ተከራይዋ ከሄደች በኋላ።

ለባህር ዳርቻ የሚሆን መጽሐፍ ምን ዓይነት እንደሆነም የራሷ ሕግ አላት። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ውስጥ አንድ ነገር ካልጠፋ ወይም አንድ ሰው ካልዋሸ አሸዋ ላይ አይነበብም። የሰዎቹ ስም መመሳሰል የለበትም፤ ዋኝቶ የተመለሰ ሰው ማን የማን ወንድም እንደሆነ ወደ ኋላ እያገላበጠ ሲፈልግ ቀኑ ይመሽበታል። መጨረሻው የግድ አስደሳች ይሁን አትልም፤ ግን ማለቅ አለበት። ነገሩን አንጠልጥለው የሚተዉ ደራሲዎች አሉ፤ እነሱን ለክረምት ታስቀምጣቸዋለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። ያላነበበችውን መጽሐፍ ለሰው አትሰጥም። ሃያ ሁለት በጋ እንዲህ ነው የሠራችው። አዳዲሶቹን ከሙቀቱ በፊት ባሉት ወራት አንብባ ትጨርሳለች፤ ከዚያ «ይሄ ይጣፍጥሃል» ስትል ሰው ያምናታል። እኔ ራሴ ለትኬት ተሰልፈው ሳሉ «መጽሐፏን ወስደን እንመለስ፣ ያቺ ባለቀይ ሽፋኗ ታልቅብናለች» ብለው ሰልፍ ጥለው ሲሮጡ አይቻለሁ።

ባሏ ጠራዥ ነው። በማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። በእጁ ያለፈውን መጽሐፍ ብዛት እሱም አያውቀውም፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ግን አንድም አልነበረም። አይደብቀውም። «ቀኑን ሙሉ ስነካው እየዋልኩ ማታ ደግሞ ላነበው?» ይላል። መጽሐፍ ሲሰጡት መጀመሪያ ጀርባውን ያያል፣ ከዚያ ያሸተዋል፣ ከዚያ መሃሉን ከፍቶ ለጠጥ ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል። «ይሄ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢመታው ገጹ ይረግፋል» ይላል። ስለዚህ በጋው ሳይገባ እያንዳንዱን አዲስ መጽሐፍ ፈትቶ በክር ይሰፋዋል። ከእነሱ የተከራየ መጽሐፍ ውሃ ውስጥ ወድቆ አብጦ ተመልሶ ያውቃል፤ ገጹ ጎድሎ ግን አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ሴትዮዋ የሕትመቱን ቀለም መውቀስ ጀመረች። «የዘንድሮ አታሚዎች ምን ነካቸው? ይህን ያህል አደብዝዘው ያትማሉ?» ባሏ መጽሐፉን ተቀብሎ መስኮት ዳር ወስዶ አየው። ቀለሙ ደህና ነው። እንዲያውም ጥቁር ያለ ነው። ከሳምንት በኋላ ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ውጪ ስታፈስ አያትና እጇን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሞራ ነው ተባለ፤ በሁለቱም ዓይን። የቀዶ ጥገናው ተራ የሚደርሳት ከበጋው በኋላ ነው። ሐኪሙ የቀኙ ተስፋ አለው አላት፤ ግራውን ግን ከፍተን ሳናየው ምንም አልልም አላት።

«ዘንድሮ አንከፍትም» አለችው አንድ ቀን ምሳ ከበሉ በኋላ።

«ምነው? የድሮዎቹ መጽሐፎች አሉ አይደል?»

«የድሮዎቹን ሰው አንብቧቸዋል። በየዓመቱ የሚመጣ ሰው አዲስ ነው የሚፈልገው። አዲሶቹን ደግሞ አላየኋቸውም።»

«ሽፋኑን አይቼ እነግርሻለሁ እኮ።»

«ሽፋን! ሳላነብ ‹ይሄ ይጣፍጥሃል› ብዬ ሰው ፊት ልዋሽ? በቃ ይዘጋ።»

ባሏ እንደነገረኝ ከሆነ የጨነቀው የሱቁ መዘጋት አልነበረም። ስትናገረው ድምፅዋ ምንም ስሜት የሌለው መሆኑ ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ባዶው ግድግዳ ዞራ ተቀምጣ ነበር፤ ከዚያ ወንበር ላይ ድጋሚ የምትነሳ አትመስልም። ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፤

«እኔ አነብልሻለሁ።»

ሳቀች። ከሐኪም ቤት ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

«አንተ?»

«ምነው? ፊደል አልቆጠርኩም?»

«ቆጥረሃል። ከቆጠርከው በኋላ ግን አልነካኸውም።»

አሥራ አራት አዳዲስ ልብ ወለዶች በካርቶን መጥተው በር ሥር ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ያለው ጠረጴዛ ጋ፣ መስኮቱ ሥር፣ የመጀመሪያውን ከፈተ። ሲያነብ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስል ነበር አሉ። የሚጣላውም፣ የሚለምነውም፣ የሚሞተውም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። በዚያ ላይ ሙያው አልለቀው ብሎ ገጽ በገለጠ ቁጥር ቁጥሩን ይጠራል።

«‹ካንቺ ሌላ ማንንም አልፈልግም› አላት እጇን ይዞ። ሠላሳ ስምንት።»

«ማን ነው ሠላሳ ስምንት?»

«ገጹ ነዋ።»

«እሱ እጇን ይዞ እየለመናት አንተ ገጽ ትቆጥራለህ? እስቲ እንደሚለምን ሰው አድርገህ አንብበው።»

«እኔ እንዴት እንደሚለመን የት አውቄ?»

«ይሄማ እውነት ነው። አባቴን ነው የለመንከው፣ እኔን መቼ ለመንከኝ።»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ሦስቱን መጽሐፍ ጨረሱ። እሷ ከወንበሯ እየተነሳች ነው፤ ጧት ጧት «ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የምንቀጥለው?» ትለዋለች። እሱ ግን ደክሞታል። ጉሮሮው ይደርቃል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በተለይ ሰው የማይናገርባቸው ገጾች ጠላቶቹ ናቸው። ኮረብታ፣ ደመና፣ የመጋረጃ ቀለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሮ አያልቅም። አራተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ደራሲ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አልወርድ አለው። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሁለት ቅጠል ወረቀት አንድ ላይ ገለጠና ሰውዬው ከኮረብታው ወርዶ በር የሚያንኳኳበት ቦታ ላይ ቀጠለ።

ምንም አልሆነም። ታሪኩ ሄደ። እንዲያውም ሚስቱ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «ጥሩ ነው ይሄ፤ ይሮጣል» አለች።

በማግስቱ አራት ቅጠል ዘለለ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነበት። ቁጥር መጥራቱንም የግዱን ተወው፤ ከአርባ ወደ ስልሳ ሲዘል ትሰማዋለቻ። እሷ ግን በሌላ ተረጎመችው። «ቁጥር መጥራቱን ተውክ፤ ማንበብ እያማረብህ መጣ» ስትለው፣ ነገሩ አሳፈረውም ደስም አለው። የዘለለበት ቦታ ሁሉ ግን ሥርዓት ወዳድ እጁ ስላላስቻለው፣ በገጹ ግርጌ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያደርግ ነበር።

አሥራ አራቱም ሲያልቁ ሴትዮዋ አሥራ ሁለቱን ለኪራይ አሳለፈች። እንዲህ ያለ ዓመት አይታ አታውቅም። እኔ ክፍሌን ልጠርግ ሄጄ ሳገኛት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «የዘንድሮ ደራሲዎች ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ወሬ ትተዋል። ቀጥታ ወደ ነገሩ ነው የሚገቡት!» ባሏ ጥግ ላይ ተቀምጦ መርፌ ላይ ክር ያስገባ ነበር። ቀና ብሎ እንኳን አላየንም። እኔ ምን አውቄ፤ ክሩ አስቸግሮት መሰለኝ።

በጋው ገባ፣ ተከፈተ። እሷ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ በር ላይ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ከመደርደሪያው እያወረደ ይሰጣል። ጥያቄዋን ትጠይቃለች፣ ታስባለች፣ «ከላይ ሦስተኛውን ስጣት» ትለዋለች። ዓይኗ መጽሐፉን ባያይም አፏ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ እንደ ድሮው እየሳቀ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እንዲህ አለፉ።

በአምስተኛው ቀን ሾፌሩ መጣ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ በየዓመቱ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ለአሥር ቀን የሚመጣ ሰው ነው። ቀልዱን ከመናገሩ በፊት ራሱ ይስቃል። ዛሬ ግን ሳይስቅ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?»

«የምን ዝናብ?»

«የመጽሐፍሽ ነዋ! ከገጽ አርባ ጀምሮ ይዘንባል። ቆርቆሮው ላይ ይዘንባል፣ ቅጠሉ ላይ ይዘንባል፣ የሞተች ድመት ላይ ይዘንባል። እኔ ፀሐይ ልሞቅ መጥቼ ሚስቴን ጃንጥላ አምጪ ልላት ምንም አልቀረኝ።»

«ተሳስተህ ሌላ መጽሐፍ ወስደህ ይሆናል።»

«ባልሽ ነው የሰጠኝ። ‹ይሮጣል› ብለሽኝ እኮ ነው፣ እትዬ። ቆሟል። ጎማው ጭቃ ውስጥ ተይዟል።»

ሰልፍ ላይ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ተወው፣ ሌላ እመርጥልሃለሁ» አለችውና የድሮ አንድ አስወርዳ ሰጠችው። በዚያው ቀን ከሰዓት አንዲት ጡረተኛ መምህርት ሌላ መጽሐፍ መልሳ አመጣች፤ የቤት ዕቃ ዝርዝር እንደበዛበት በጨዋ ቃል ነገረቻት። ሁለት መጽሐፍ በአንድ ቀን ተመልሶባት አያውቅም። ባሏ ክር ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ግድግዳውን አንኳኩታ እኔን ጠራችኝ።

«አንተ ትኬት ቆራጩ፣ ና እስቲ። ይሄን ከገጽ አርባ ጀምረህ አንብብልኝ።»

ሰው ፊት ማንበብ አልወድም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ግን ሌላ ሰው አልነበረም። ቆርቆሮውን አነበብኩላት። ቅጠሉን፣ ድመቷን አነበብኩላት። ሰባት ገጽ ካነበብኩ በኋላ «ይበቃል» አለችኝ። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ቁጥር መጥራቱን የተወው ለዚህ ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ጠራዡ በሩ ላይ ሲደርስ ነው። መጽሐፉን እጄ ላይ አየው። የያዘውን የክር ጥቅል ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ።

«ስንት ገጽ ነው የዘለልከው?» አለችው።

«የቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

ልወጣ ስነሳ «አንተ ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከመቀመጥ ብወጣ ይሻለኝ ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው ሚስቱ ፊት እንዲያ አንገቱን ደፍቶ ሳይ መሬቱ ነው የጠበበኝ።

«ከአራተኛው ጀምሮ ሁሉም ላይ ዘልያለሁ» አላት። «ሰለቸኝ። አንቺም ‹ይሮጣል› እያልሽ ደስ ሲልሽ ሳይ... በቃ።»

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ ሰውን አሳሳትከኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ‹ዋሸሽኝ› ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ሰልፍ ሁሉ ሳቀብኝ።»

«በሾፌሩ ቀልድ ነው የሳቁት...»

«ነገ ይዘጋል» አለች። «ያለ ዓይን መምረጥ እችላለሁ ያልኩት አንተን ይዤ ነው። አንተን ካልያዝኩ ምን ይዣለሁ?»

ከውጪ የልጆች ጫጫታ ይመጣል። በመጨረሻ ጠራዡ ከመደርደሪያው አንዱን መጽሐፍ አውርዶ ግርጌውን ገለጠ።

«የዘለልኩትን አውቀዋለሁ። ነጥብ አድርጌበታለሁ፣ እያንዳንዱ ላይ። ሁለት ቀን ስጪኝ። የዘለልኩትን ሁሉ አነብልሻለሁ። ከዚያ እንዳሻሽ አድርጊ።»

«ቁጥሩን እየጠራህ» አለች።

«ቁጥሩን እየጠራሁ።»

በማግስቱ፣ ዳርቻው በሰው በተጥለቀለቀበት ሳምንት፣ በራቸው ላይ «ለሁለት ቀን ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰው እጅ ያሉትን መጽሐፎች ሳይቀር ጠራዡ ጧት በየጃንጥላው ሥር እየዞረ ይቅርታ ጠይቆ ሰበሰባቸው። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ልስማ ሳልል ሁሉንም ሰማሁት። ትኬት ስቆርጥ አንድ ጆሮዬ እዚያው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሰው መልሱን ትቶልኝ ሊሄድ ደርሶ ነበር።

እሷ እንደ ዳኛ ነበር የምትሰማው። ዝናቡን ሙሉውን አስነበበችው። «ይሄ ሰውዬ ጃንጥላው ተሰርቆበት ነው የጻፈው» አለች ሲያልቅ። ኮረብታው ላይ «እዚህ ልክ ነበርክ፣ እኔም እዘለው ነበር» አለችው፤ የእፎይታ ትንፋሹን እኔ ዘንድ ድረስ ሰማሁት። አንዱ መጽሐፍ ላይ ግን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ይሄን እንዴት ትዘላለህ! ሰውዬው ውሸታም መሆኑ የሚታወቀው እዚህ መጋረጃው ላይ እኮ ነው። መጋረጃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ቅድም ለሚስቱ የነገራት ምንድነው?» ጠራዡ ትንሽ አሰበና «ወይ ጉድ!» አለ። ገልብጦ የቀድሞውን ገጽ ሲፈልግ ይሰማል። እንዲያ ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለራሱ ብሎ ወደ ኋላ ሲያገላብጥ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሙቀቱ በርትቶ ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ደርሰዋል። ጥቂት ካነበበ በኋላ ቆመ።

«አለቀ» አላት።

«ሌላ ነጥብ የለውም?»

«የለውም።»

«አንተ ሰውዬ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«አሥራ አንድ ገጽ አለ» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ግን ሰልችቶኝ አይደለም። ለአንቺ አይሆንም።»

«የሚሆነኝንና የማይሆነኝን የምመርጠው እኔ ነኝ። አንብብ።»

«ዘጠና ሁለት» ብሎ ጀመረ።

ገጾቹ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመጽሐፉ ጀግና እናት ነች። ዓይኗን ተሠርታለች። ልጇ አልጋዋ ጎን ቆሟል፤ ሐኪሙ ፋሻውን ይፈታል፤ እሷም የልጇን ሸሚዝ ቁልፍ አይታ ትቆጥር እንደሆነ ይጠይቋታል። ራሷ መቁጠር አትችልም። ምንም አታይም። ጨለማው ጥልቅ ነው ይላል መጽሐፉ፣ ጨለማው ጉድጓድ ነው፣ ጨለማው ማብቂያ የለውም። የጠራዡ ድምፅ በየመስመሩ እየቀጠነ ሄደ። «ዘጠና ስድስት» ሲል ቁጥሩን ራሱን መጥራት ያቃተው ይመስል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ቀጥል» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቀጠለ። እኔ እስኪጨርስ ድረስ የትኬቱን መስኮት ዘጋሁት፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ አንድ ሁለት ሰው መስታወቱን ቢያንኳኳም አልከፈትኩለትም።

ሲጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ።

«ይሄ ደራሲ ዓይኑን ታሞ አያውቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ጨለማ ጨለማ ይላል። የት አለ ጨለማ? ነጭ እኮ ነው። እንፋሎት የያዘው መስታወት በለው። የፈሰሰ ወተት በለው። ጠይቆ ቢጽፍ ምን ነበረበት? የዝናቡ ደራሲ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ረጥቦ ያውቃል።»

ጠራዡ ሳቀ መሰለኝ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ በግድግዳ በኩል መለየት ያስቸግራል።

«ፈርቼ ነው የዘለልኩት» አላት።

«አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ግራው ዓይኔ ባይድንስ ብዬ የማላስብ ይመስልሃል? በየጧቱ አስባለሁ። ግን አንተ ለእኔ ብለህ ስትዘል፣ ምን እንደዘለልክብኝ ሳላውቅ እቀራለሁ። ከዚያ የባሰ ምን የሚያስፈራ አለ? ሰውን ‹ይሄ ይጣፍጥሃል› የምለው በአንተ ዓይን አይቼ ነው። ዓይኔ እየመረጠ ካሳየኝ ምን አየሁ ልበል?»

«ሁለተኛ አልዘልም።»

«ኮረብታውን ብትዘል ግድ የለኝም። ‹እዚህ ኮረብታ አለ› በለኝና ዝለለው።»

በሦስተኛው ቀን ጧት ወረቀቱ ተነሳ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱን አወጣቻቸው፤ ስምንቱ በሕጓ አለፉ። ሾፌሩን አስጠርታ ሰው ሁሉ እየሰማ «የዝናቡን ሳላነበው ነው የሰጠሁህ፤ ይቅርታ» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ እጁን እያወዛወዘ፣ «ኧረ እትዬ! አንቺ ያልሽው ነው ብዬ ገፍቼ እኮ ስልሳ ደርሼ ነበር። መልሼልሽ ግን ተቆጨሁ። ለመሆኑ ድመቷን ማን ገደላት?» አላት። ማን እንደገደላት ነገረችው፤ ገንዘቤ ወጣልኝ እያለ ሄደ።

ከእሱ በኋላ አንዲት ነርስ መጣች። አራት ቀን ብቻ ነው ያላት፤ ብቻዋን ነች፤ ተቀምጣ ነው የምታነበው። ሴትዮዋ ጠይቃ ጨረሰችና አንዱን ልትጠራ ስትል፣ ነርሷ መደርደሪያው ዳር ላይ ወዳለው የልብስ ሰፊዋ መጽሐፍ ጠቆመች።

«ይሄኛውስ?»

«እሱን ባሌን ጠይቂው» አለቻት። «እኔና ደራሲው አልተግባባንም።»

ጠራዡ ያንን አልጠበቀም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ክፍል ስለ መጽሐፍ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢጠይቁትም የሚያወራው ስለ ክሩ ነው። መጽሐፉን አወረደ፣ ጀርባውን ዳሰሰ፣ ሊያሸተውም ነበር።

«አንድ... መሃሉ ላይ ከባድ ቦታ አለው። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ባለቤቴ ደራሲው ተሳስቷል ትላለች። እኔ ግን...» ነርሷ ትንሽ ጠበቀችው፣ ከዚያ ፈገግ አለችና «እሺ፣ እወስደዋለሁ» ብላ ወደ አሸዋው ወረደች።

«‹እኔ ግን› ምን?» አለችው ሚስቱ።

«ምንም።»

«ዘለልከው።»

«አይ...» ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ግን ልጁ ቁልፉን እየቆጠረ ‹አንድ፣ ሁለት› ሲላት እሷ እየተቀበለች ያየች ስታስመስል፣ ያ ቦታ... በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም ልላት ነበር። እዚያ ጋ ስትደርስ እንዳትተወው።»

«ታዲያ እሱን እኔ ምን አደርገዋለሁ? ለሷ ንገራት እንጂ።»

ወደ እኔ አየ፤ ወደ ሚስቱ አየ። ከዚያ የቆዳ ጫማውን እንዳደረገ አሸዋው ላይ ወረደ። በየእርምጃው እየሰመጠ፣ የተጋደሙትን ሰዎች እየዞረ፣ ነርሷ ፎጣዋን የምታነጥፍበት ጋ ደረሰ። ጎንበስ አለና መናገር ጀመረ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ በመስኮቴ በኩል።

«እያወራት ነው። በጣቱ ይቆጥርላታል። እሷ መጽሐፉን ከፍታ እያሳየችው ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያወራ ነው። አሸዋው ላይ ተቀመጠ።»

ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ፈልገው በሯ ላይ ቆመዋል፤ የሚያወርድላቸው የለም። ልጥራው ብዬ ከወንበሬ ስነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

«ተወው፤ ይጨርስ» አለችኝ።